ጠበል ያደረሰኝ ሩጫ

የሺ እባላለሁ። ይህ ነገር ሲደርስብኝ ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዕድሜዬ አርባን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ የለኝም፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ወፍራምም ነበርኩ። «ሞላ ያለች» የሚባለው ዓይነት አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ረዳቱ እኔ ከተቀመጥኩበት ወንበር ሌላ ሰው ሊጨምር ይሞክርና ሳይሆንለት ሲቀር የሚተወኝ ዓይነት ነው።

የሚሌኒየሙ በዓል ሊከበር ዓመት ገደማ ሲቀረው ለሥልጠና ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሥልጠናው ያለቀ ዕለት ወደ ደሴ የሚመለሰው ሚኒባስ መንቀሳቀስ ጀምሮ ደረስኩበትና «ቆይ! ቆይ!» እያልኩ ተከተልኩት። ብዙ አልሮጥኩም። ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ተጋረደብኝ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጉንጬ ላይ የሚያቃጥለኝን አስፋልት ነው። ሊያነሱኝ ከመጡት ሰዎች አንዱ «ኧረ ሁለት ሰው ጨምሩ!» ብሎ ሲጣራ ሰማሁት። ራሴን እንደሳትኩ ብቆይ ይሻለኝ ነበር።

የወሰዱኝ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ደሜን አስመረመረና ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ስኳሩ ደጃፍዎ ላይ ቆሟል። ገና አልገባም።»

«ምን ይሻለኛል?»

«ምግብዎን ያስተካክሉ፣ ክብደትዎን ይቀንሱ። በእግርዎ ይሂዱ። ሲለምዱ ደግሞ ይሩጡ።»

«እኔ? ልሩጥ?» ስለው አልሳቀም።

«ትንሽ ይሮጣሉ፣ ብዙ ይራመዳሉ። እየሮጡ ማውራት ከቻሉ ደህና ነው። ማውራት ካቃተዎት በዝቶብዎታልና ቀዝቀዝ ይበሉ።»

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በመሥሪያ ቤት ስሜ በሹክሹክታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ላይ «ስኳር» እና «ሩጫ» የሚሉ ቃላት እንዲጨመሩብኝ አልፈለግሁም። የነገርኩት ለአከራዬ ለሰዓዳ ብቻ ነው፤ እሱም የግቢው ቁልፍ እሷ ጋ ስለሆነ። ሰዓዳ ሰምታ ስታበቃ ልጇ ትቶት የሄደ ሰማያዊ ቱታ ከሳጥን አወጣችና ጭኔ ላይ ጣለችልኝ።

«አብሽሪ! በአዛን ተነሺ፣ እኔ አንኳኳልሻለሁ። በዚያ ሰዓት ማን ያይሻል?»

እንዲህ ተጀመረ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክኬ ወደ ሆጤ ሜዳ በሚወስደው መንገድ እወጣለሁ። ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስርና ከአንድ የመብራት ምሰሶ እስከሚቀጥለው እሮጣለሁ። መሮጥ ካልነው ነው። የመጀመሪያ ቀን ምሰሶው ላይ ስደርስ እንደ ዘመድ አቅፌው ቆምኩ። ጆሮዬ ይጮኻል፣ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም አለ። ቤት ገብቼ አልጋዬ ላይ አለቀስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አቁሜው ነበር። ሰዓዳ ግን በሬን መደብደቧን አልተወችም። «አንቺ! አዛን ብሏል እኮ!» ትላለች። ለእሷ ስል ተነሣሁ። የሐኪሙን ምክር ይዤ፣ ማውራት መቻሌን ለማወቅ ስል እየሮጥኩ ለራሴ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። «በርቺ የሺ! ያቺን ምሰሶ ብቻ! ምን ትሆኛለሽ? አትሞቺም!» አንዳንዴ ራሴን እሰድባለሁ፣ አንዳንዴ አባብላለሁ። ቀስ እያለ አንዱ ምሰሶ ሁለት ሆነ። ከዚያ ብዙ ቀን ሁለት ላይ ቆሜ ቀረሁና አንድ ጠዋት ሳላስበው ሦስተኛውን አለፍኩት። የሥራ ቀሚሴ ወገቤ ላይ መዞር ጀመረ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላልነበረ ለሰዓዳ ቀሚሴን አዙሬ አሳየኋት፤ እልል አለች፤ አፏን በእጄ ያዝኩት።

በዚህ መሃል አንድ ሰኞ ማለዳ ሁለት በግ ወደ ገበያ የሚነዳ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አፍጥጦ ሲያየኝ አስተዋልኩ። እኔ ደግሞ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር። ፊቴን አዙሬ አለፍኩት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው ጉዱ የመጣው።

ሰማዩ ግራጫ ሆኗል፤ ሰው ከሰው ይለያል። ሁለተኛውን ምሰሶ አልፌ ወደ ሦስተኛው ስቃረብ ከአንድ አጥር ሥር ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ብድግ አሉ። አንዱ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣ። ሌቦች ናቸው ብዬ ሮጥኩ።

ከኋላዬ «ያዛት! እንዳታመልጥህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያን ቀን ስንት ምሰሶ እንዳለፍኩ አላውቅም። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ነጠላዬ ከወገቤ ወድቆ ቀረ። «ኡ! ኡ!» እያልኩ የሚደርስልኝን ሰው ስፈልግ፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ በለቅሶ «የሺዬ!» ብሎ ተጣራ።

በዓለም ላይ እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቆምኩ።

ታላቅ ወንድሜ አያ ካሳው ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ቦሩ ሜዳ አካባቢ ባለው መሬታችን ላይ አርሶ ያሳደገኝ፣ ደሴ ልኮ ያስተማረኝ እሱ ነው። ደርሶ ከኋላዬ ጥምጥም አድርጎ ያዘኝ። ልቡ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል።

«አይዞሽ እታለም፣ አይዞሽ። መጣሁልሽ።»

«አያ? ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ዝም በይ።»

ያን ጊዜ ቱታውን አየ። ወዲያው ዓይኑን ወደ ሰማይ አደረገ፣ ጋቢውን ገፎ ከብብቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጠቀለለኝ። እጄም ከውስጥ ቀረ።

«አያ ደህና ነኝ እኮ! ልቀቀኝ!»

«አዎ፣ ደህና ነሽ» አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል። ከዚያ እያለከለከ ለደረሰው ሰው ዞሮ «ልክ እንደ እማማ» አለው፤ እናታችንን ማለቱ ነው።

ሁለተኛውን ሰው ሳየው ባለበጎቹ ሰውዬ ነው። ሰይድ ይባላል፣ የአያ የእርሻ ጎረቤት። እኔ ከአገሬ ከወጣሁ በኋላ የመጣ ስለሆነ አላውቀውም፤ እሱ ግን ለበዓል ስሄድ አይቶኛል።

ሰው ተሰበሰበ። ከመስጊድ የሚመለሱ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ፣ መንገድ የሚጠርጉ ሴቶች።

«ምን ሆና ነው?»

«ትሮጣለች» አለ ሰይድ።

«ማን እያባረራት?»

«ማንም! ጉዱ እሱ አይደል! ወላሂ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየኋት። ብቻዋን እያወራች፣ የወንድ ሱሪ ለብሳ።»

«እህህ…» አለ ሕዝቡ በአንድነት።

«ሐኪም አዞኝ ነው!» አልኩ።

አንዲት አሮጊት ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሐኪም ሩጪ ብሎ ያዛል? ውይ እናቴን! እንዲህ ነው የሚያስቀባጥራቸው።»

«ሰዓዳን ጠይቁ! ሰዓዳ ታውቃለች!»

«ስም መጥራት ጀመረች!» አለ አንዱ፤ ሰዉም ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

ያን ጊዜ ጮህኩ። የመጨረሻው ስህተቴ እሱ ነበር። እየጮህኩ ጤነኛ መሆኔን ማስረዳት ከጀመርኩ ወዲህ የሚጠራጠር አንድም ሰው አልቀረም። ከሕዝቡ ኋላ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችንን ዘበኛ አየሁት። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ኮፍያውን አወለቀና መሬት መሬት አየ፤ ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው። ከዚያ በኋላ መጮኼን ተውኩ። ውስጤ የሆነ ነገር ተበጠሰ፤ ወደሚወስዱኝ ሄድኩላቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ በሁለቱ መሃል አስቀመጡኝ። ፊት ለፊት የተቀመጠች ሴት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። አያ ከጋቢው ሥር እጄን ፈልጎ ያዘ፤ እስከ ቦሩ ሜዳ አልለቀቀኝም። እኔ ግን አላዘንኩለትም። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» እያልኩ ነበር በልቤ። የምነግረውን ቃል አንድ በአንድ አዘጋጀሁ።

ከሚኒባሱ ወርደን ወደ ጠበሉ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ያዝን። ያ መንገድ ልጅ ሆኜ ተማሪ ቤት የምሄድበት ነው። አብራኝ የተማረች ሴት እንጨት ተሸክማ መጣች፤ አወቀችኝ። ሸክሟን አውርዳ ትከሻዬን ሳመችና «ምን አገኘሽ እናቴ? አንቺ የተማርሺው!» ብላ አነባች። አንገቴን እንደደፋሁ አለፍኩ።

የጠበሉን ውሃ ቅዝቃዜ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ተራችን ሲደርስ ጋቢውን ገፈፉኝ። ያ ቱታ እርጥብ ሆኖ ገላዬ ላይ ሲለጠፍ፣ ያገሬ ሰው ሁሉ ዙሪያዬን ቆሞ ሲያየኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ለወራት ከደሴ ሰው የደበቅሁት ገላ ነው። ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ሰውነቴ ተርገፈገፈ።

«ተነሣባት! ተነሣባት!» አሉ ሴቶቹ።

የሚያጠምቁት ሽማግሌ ቄስ እጃቸውን አነሡ። «ቆዩ እስቲ። ይህ ብርድ ነው» አሉ። ጋቢውን መልሰው አለበሱኝና ፀሐይ ወዳለበት ድንጋይ ወስደው አስቀመጡኝ። ራቅ ብለው ተቀመጡና ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ለምንድን ነው የምትሮጪው?»

ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ስለ እኔ ይጠያየቃል፤ እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ኮምቦልቻ መውደቄን፣ ሐኪሙን፣ ምሰሶዎቹን፣ ብቻዬን ለምን እንደማወራ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ለወንድምሽ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም አባ።»

«ለምን?»

«አፍሬ።»

«በምኑ?»

«በመታመሜ… በመወፈሬ… በዚህ ዕድሜዬ ሱሪ ለብሼ በመሮጤ። እኔ እንጃ አባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና አያን ጠሩት። «ና፣ እኔ ሳልሆን አንተ ነህ ይህን መስማት ያለብህ።»

ሁሉንም እንደገና ተናገርኩ። አያ ቆሞ መስማት ጀመረ፣ መሃል ላይ መሬት ተቀመጠ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ይኸ ስኳር የምትይው… ሰውን ምን ያደርገዋል?»

«ውሃ ያስጠማል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስወጣል። ያከሳል። ሐኪም ካላየው ኋላ ላይ ሰውየውን ያደካክመዋል፣ ያስቀባጥረዋል፣ ከዚያ…»

እየተናገርኩ የራሴን ቃል ሰማሁት። አፌ ላይ ቀረ።

እናታችን የሞተችው እኔ ደሴ ተማሪ ቤት ሳለሁ ነው። ልክፍት ነው ተብሎ ተነገረኝ፤ ከዚያ በላይ ጠይቄ አላውቅም።

«ሌሊት ሌሊት እየተነሣች የእንስራውን ውሃ ጠጥታ ትጨርሰው ነበር» አለ አያ፣ እኔን ሳያይ። «ሥጋዋ እንዲያው እንደ ጤዛ አለቀ። እኔ አዝመራ ላይ ነበርኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። አንድ ጠዋት ቀሚሷን ጥላ ሜዳ ለሜዳ እየቀባጠረች ስትሄድ አገኘኋት። በዚችው ጋቢ ጠቅልዬ እዚሁ አመጣኋት። በማግስቱ ሞተች። ሰዉ ሁሉ ‹ምነው ቀደም ብለህ ብታመጣት› አለኝ።»

እጁን ዘርግቶ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ።

«ሰይድ ፈርቶ ሰንብቶ ትናንት ማታ የአንቺን ሲነግረኝ፣ ያው ነገር መጣ አልኩ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። በእማማ ዘግይቻለሁ። በአንቺ እንዳልዘገይ ብዬ ነው እንጂ… ላዋርድሽ ብዬ አይደለም የሺዬ።»

ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ከሰው ፊት የገላዬ ቅርጽ ሲታይ ያፈርኩት እፍረት፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ከደረሰብኝ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ሰይድ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል፤ መጥቶ ቁጢጥ አለና «ዓውፍ በይኝ እህቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። ምኑን ልቀየመው? የጎረቤቱን እህት ሊያድን ሥራውን ፈትቶ በሌሊት ተነሥቶ የመጣ ሰው ነው።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት አያ አብሮኝ ወደ ደሴ ተመለሰ። «ነገሩን በዓይኔ ሳላይ አልሄድም» አለ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ሰው እየመጣ ጠየቀኝ። ዘበኛው ለሰው ሁሉ ነግሯል። ከመሥሪያ ቤት የመጡት በሩ ሥር ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ «እግዜር ይማርሽ» አሉኝ። አንዷ እንዲያውም ከተቀመጠችበት ቢላዋውን ቀስ ብላ ከጠረጴዛው ላይ አነሣችው።

ሰኞ በአዛን ሰዓዳ በሬን አንኳኳች።

«አልወጣም» አልኳት። «አበቃ። እንኳን ሮጬ ተራምጄም አልታይም።»

ሰዓዳ ልትመልስ ስትል አያ ከበሩ ሥር፣ መደብ ላይ ካደረበት፣ ዱላውን ይዞ ተነሣ። «የታዘዘልሽን መድኃኒት ልታስቀሪ ነው?» አለኝ። እማማን ሳልጠራት መሃላችን ቆመች። ቱታውን ለበስኩ።

ሆጤ ሜዳ ስንደርስ ነግቶ ነበር፤ አያ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ አርፍደናል። ጎረምሶች ኳስ ይጫወታሉ፤ ገበያ የሚሄደው ሰው በዳር በዳር ያልፋል። አያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ አንገቴን ደፍቼ መሮጥ ጀመርኩ። ገና እንደተንቀሳቀስኩ ድምፁን ሰማሁት።

«እህቴ ናት! አላበደችም! ስኳር እንዳይዛት ሐኪም አዟት ነው!»

ለአንድ መንገደኛ ነው የሚያስረዳው። ያ ሲያልፍ ለሚቀጥለው። እርሻ ላይ በሬ እንደሚጠራ ሰው ነው የሚጮኸው።

«አያ! በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ ዝም በል!»

«ምን አልኩ? እውነቱን ነው! እናንተ ልጆች፣ መንገድ ልቀቁላት!»

ጎረምሶቹ ኳሱን አቁመው አዩኝ። ፊቴ ተቃጠለ። ከድምፁ ለመሸሽ ወደ ሜዳው ወዲያኛው ጥግ ሮጥኩ። እዚያም ይሰማል። ቀጠልኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ጉልበቴ ይለምነኛል፤ ግን ቆሜ ያንን ሁሉ ዓይን ከማይ መሮጥ ይሻል ነበር። እንዲሁ ስሸሽ ስሸሽ ቀና ስል ድንጋዩና አያ ፊት ለፊቴ ናቸው። ሜዳውን ዞሬዋለሁ። ሳልቆም።

እያለከለክሁ እግሩ ሥር ቁጭ አልኩ። አያ አየኝ፣ ሜዳውን አየ፣ ደግሞ አየኝ።

«ይህን ሁሉ ሮጠሽ እዚሁ ልትመለሺ ነው?» አለኝ።

ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፤ ጎኔን ይዤ፣ መሬት ላይ ተንከባልዬ ሳቅሁ። አያ ደንግጦ ዙሪያውን አየና ለሚያልፈው ሰው «ሳቅ ነው! ሳቅ ብቻ ነው!» አለ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ሩጫውን አልተውኩም። ስኳሩም እስከ ዛሬ አልገባም። ግን እፍረቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ዘበኛው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ባገኘኝ ቁጥር «እንዴት ነው፣ ተሻለሽ?» ይለኝ ነበር፤ ለማስረዳት ስለታከተኝ «ተሽሎኛል» እለዋለሁ። ለሩጫ አዲስ ለሆናችሁ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ለምትወዱት ሰው ንገሩ። ለሁሉ አይደለም፣ ለአንድ ሰው። ሰው ያላወቀውን ነገር ዝም ብሎ አያልፈውም፤ በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል።

እኔ ያን ቀን ስለለበስኩት ቱታና ስለገላዬ ማፈር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ዛሬም እየሮጥኩ ሳለ ድንገት ትዝ ብሎኝ ፊቴን የሚያቃጥለው ሌላ ነው። ያሳደገኝ ሰው፣ እናቱ ዳግመኛ ልትሞትበት የመሰለው ሰው፣ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ አደረ። እኔ ያን ሌሊት፣ ጠዋት ለመሮጥ ኃይል እንዲኖረኝ ብዬ፣ በጊዜ ተኝቼ ነበር።